አይፈጀው በሙቀቱ ክፍል

የዚያን ቀን ጠዋት በረዶ ወረደ። ሰማዩ ገና ሳይነጋ ጀምሮ ሲያጉረመርም ቆይቶ፣ ልክ ባልና ሚስቱ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ነው የተቀደደው። የበረዶው ፍሬ አተር ያህላል፤ የመኪናውን ጣራ፣ የሱቁን ቆርቆሮ፣ የሰውን አናት ሳይለይ ይወቅጣል። መንገደኛው ሁሉ በየበረንዳው ሲወሸቅ አንድ ሰው ብቻ ጃንጥላውን አጥፎ በብብቱ ሸጉጦ የመንገዱን መሃል ይዞ ይሄዳል። እሱም አይፈጀው ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ዘርጋው እንጂ!» አለች ሚስቱ ሻርፗን በራሷ ላይ ጣል አድርጋ ከኋላው እየሮጠች።

«ተዪኝ! ቀዝቅዤ ልግባና እነሱ ያሙቁኝ!»

«ሳንባ ምች ይዞህ ትገባታለህ!»

«ለሱም መድኃኒቱ ሙቀት ነው!»

ሆስፒታሉ በር ላይ ውሃው ከኮቱ ጫፍ እየተንጠባጠበ ሲደርስ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ አስቆመው። «የጠያቂ ሰዓት ገና ነው፣ አባቴ።»

«ጠያቂ አይደለሁም ወንድሜ፤ ዛሬ የምጋገረው እኔ ነኝ!» አለና አልፎት ገባ። ጥበቃው ዞር ብሎ ሚስቲቱን አያት። እሷም «ዝም ብለህ አሳልፈው፣ ሌላ መፍትሔ የለውም» እንደማለት እጇን አወናጨፈች።

አይፈጀው የወጣለት ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ጢሙ ሳያቆጠቁጥ ሥራ ፍለጋ አንድ ዳቦ ቤት ደጃፍ ቆመ። ዱቄት ተሸከም አሉት፣ ተሸከመ፤ እንጨት ፍለጥ አሉት፣ ፈለጠ፤ ከዚያ ወደ ምድጃው አስጠጉትና በዚያው ቀረ። ምድጃው በጡብ የተሠራ፣ አፉ ሲከፈት ፊት የሚልጥ ነው። ሌሎቹ ጋጋሪዎች በወፍራም ጓንት የሚይዙትን ትሪ እሱ በባዶ እጁ ይመዘዋል። መዳፉ ከጊዜ ብዛት እንደ ጫማ ሶል ደንድኗል። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰው ሳይቀር አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ አሳዩን» ይለዋል። እሱም ሰው ሲያይለት አይጠላም፤ የጋለውን ትሪ በአንድ መዳፉ ተሸክሞ በሌላኛው ጢሙን እያሻሸ ስለ አየሩ ሁኔታ ማውራት ይጀምራል።

ቤቱም ሲገባ ያው ነው። የፈላ ድስት ሲያወርድ ጨርቅ አይፈልግም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ በተጋቡ ሰሞን በቁርጥራጭ ጨርቅ የድስት መያዣ ትሰፋ ነበር፤ በኋላ ግን ለማን ብዬ ብላ ተወችው። ሁለት ሴት ልጆች ወልደው ዳሩ፤ ቤቱ ውስጥ የቀረው የእሷ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅና የእሱ ዝምታ ነው። ወሬ አያውቅም ማለት አይደለም፤ ሌላውን ሁሉ ያወራል። ስለ ራሱ ነው የማይናገረው። ጥርሱ ሲያብጥ ያወቀችው ዳቦውን በአንድ ወገን ሲያኝክ አይታ ነው። እግሩ ሲወለም ያወቀችው የአንድ ጫማው ተረከዝ ብቻ ሲያልቅ ነው።

ሕመሙንም ያወቀችው እንደዚሁ ነው። ሽንት ቤት ገብቶ ሲቆይ፣ ወጥቶ ሳይቀመጥ ተመልሶ ሲገባ አየች። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ውሃ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ውሃውን አሳነሰችበት፤ መመላለሱ አልቀነሰም። አንድ ቀን የጀመረችውን ቀሚስ ጥላ ክንዱን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

የፕሮስቴት ካንሰር ነው ተባለ። ወደ አጥንት አልሄደም፤ ግን ከተፈጠረበት ቦታ ትንሽ ወጣ ብሏል። ሚስቱ አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም። ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠና እዚያው ድንጋይ ሆነ። ለጥቂት ጊዜ ወደ ምድጃውም አልሄደም፤ የዳቦ ቤቱ ሊጥ አቡኪ ጓደኛው ሊጠይቀው መጥቶ የሊጡን፣ የዱቄቱን፣ የአለቃውን ወሬ ቢያወርድለት «እህ» ብቻ ነበር መልሱ። አቡኪው ሲወጣ ሚስቲቱን በር ላይ «ይሄ ሰው እሳቱ ጠፍቷል» አላት።

እሳቱን መልሶ የለኮሰው ሐኪሙ ነው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሲሄዱ፣ የጨረር ሕክምና እንደሚጀምር ነገራቸውና «ከጨረሩ ጋር ሌላም የምንሞክረው ነገር አለ» አለ። «የሙቀት ሕክምና ይባላል። በሽታው ያለበትን አካባቢ ከውጭ በሬዲዮ ሞገድ እናሞቀዋለን።»

አይፈጀው ቀና አለ። በሽታው ከተነገረው ወዲህ ቀና ሲል ይኸ መጀመሪያው ነው። «በምን አላችሁ?»

«በሙቀት። ጨረሩ የካንሰሩን ሴል ያቆስለዋል። ሴሉ ግን ብልጥ ነው፣ ቁስሉን መልሶ ይጠግናል። ሲሞቅ መጠገኑ ያቅተዋል። ሙቀቱ ብቻውን በሽታውን አይጨርሰውም፤ ጨረሩን ግን ያግዘዋል።»

«ስንት ዲግሪ?»

«አርባ ሁለት ገደማ።»

አይፈጀው ሐኪሙን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አርባ ሁለት! ዶክተር፣ ይሄማ ለብ ያለ ውሃ ነው! እኔኮ ስንት መቶ ዲግሪ ፊት ቆሜ ያረጀሁ ሰው ነኝ!»

«በሰውነት ውስጥ አርባ ሁለት ቀላል አይደለም፣ ጋሼ» አለ ሐኪሙ፤ ሳቁ እሱም ላይ ተጋብቶ ነበር። «ደግሞ በሁሉም ሰው ላይ እኩል ይሠራል አልልዎትም፤ ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው።»

«ይጠና! በኔ ላይ ይጠና!»

ከዚያ ቀን በኋላ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ዳቦ ገዥውን ሁሉ በመስኮቱ እያስቆመ «እኔን የሚያድነኝ ምን መሰለህ?» ይላል። ሰዎች ጸበልም፣ ቅጠልም፣ ውጭ አገርም እያሉ ይገምታሉ። «ሙቀት!» ይላቸዋል። «የኔው የራሴ ሙቀት! ዕድሜ ልኬን የለፋሁለት!» ለዚህ ነው በዚያ የበረዶ ቀን ጃንጥላውን አጥፎ የሄደው።

የሙቀቱ ክፍል ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ሞገዱ እንዳይወጣ ግድግዳው በሙሉ ከውስጥ በብረት መረብ ተለብጧል። መሃል ላይ አልጋ አለ፤ ከአልጋው ዙሪያ ውሃ የተሞላ ሰፊ የላስቲክ ከረጢት። በሽተኛው ሲተኛ ከረጢቱ ከወገቡ እስከ ታፋው አቅፎ ይይዘዋል፤ ሞገዱ በውሃው በኩል ነው ወደ ሰውነት የሚገባው። ከመስታወት ማዶ ኮምፒውተሯን ይዛ የምትቀመጠው ባለሙያ ቀጭን ሴት ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ፈልጋ ስታጣው ራሷን የምትቆጣ።

ሙቀቱን የሚለኩ ቀጫጭን ቱቦዎች ከፊትም ከኋላም ሲገቡለት አይፈጀው ዓይኑን ጨፈነ። «ልጄ፣ ለሚስቴ ያላሳየሁትን ቦታ እናንተ ቦይ ሠራችሁበት» አላት።

«ለደኅናው ነው አባባ። አሁን ያዳምጡኝ።» መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። «በነዚህ ቱቦዎች የውስጥዎን ሙቀት አያለሁ። የማላየው ቦታ ግን ብዙ ነው። ቆዳዎ ላይ፣ አጥንትዎ አካባቢ አንድ ነጥብ ብቻ ሊግል ይችላል። በፈጀዎት ቅጽበት ይንገሩኝ። ካልነገሩኝ እኔ ዕውር ነኝ።»

«እሺ ልጄ፣ እሺ» አለ፤ ሰው በአውቶቡስ ረዳት «ጠጋ በሉ» ሲባል እንደሚለው።

ማሽኑ ተነሣ። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ቀስ እያለ ከሆዱ ሥር እንደ ጠዋት ፀሐይ ያለ ነገር ወጣ። ከዚያ ላቡ መጣ። ላብ ሲባል የዋዛ አይደለም፤ ከግንባሩ ወደ ጆሮው ይወርዳል፣ አንሶላው ይረጥባል። አይፈጀው በደስታ ጣሪያውን እያየ ተኛ። አሁን ይህን ጊዜ ያ በሽታ ምን እያለ ይሆን? ሲል አሰበ። እሳት ፊት የሚሆነውን አይፈጀው አያውቀውም እንዴ? ምድጃ አፍ ላይ ሰው ሲቆም መጀመሪያ ይኮራል፤ ከዚያ ፊቱን ያዞራል፤ ከዚያ ይሸሻል። «እኔ የቻልኩትን እሱ አይችልም» አለ ለራሱ። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ አለ። ማን ይበልጥ እንደሚችል መፈታተን ነው፤ በዚህ ደግሞ እሱን የሚያሸንፈው የለም።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው የተጀመረው።

ሲወጣ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። «እንዴት ነው?» 

«ሽርሽር ነው! ሽርሽር!» ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ነበር። ዳቦ ቤት ሄዶም ለአቡኪው «ከኔ በፊት የገባው ሰውዬ ጩኸቱ ኮሪደር ድረስ ይሰማ ነበር፤ እኔ ግን ትንፍሽ አላልኩም» ብሎ አወራለት።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ጨረሩን ይወስዳል፤ ከዚያ መካከል አንዱን ቀን ሙቀቱን። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው አለፈ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ማሽኑ ከተነሣ ትንሽ ቆይቶ ግራ ዳሌው ላይ፣ ከአጥንቱ ከፍ ብሎ፣ አንድ ነገር እንደ መርፌ ነካው። ከዚያ መርፌው ምስማር ሆነ። የባለሙያዋ ድምፅ በድምፅ ማጉያው መጣ።

«አባባ፣ እንዴት ነው?»

«ሰላም ነው!»

«የሚፈጅዎት ቦታ የለም?»

«ጨምሪበት ልጄ! አትሳሺ!»

እሷም አምናው ጨመረች።

በማግስቱ ሚስቱ ቁርስ ስታቀርብለት በአንድ መቀመጫው ብቻ ተንጋዶ ሲቀመጥ አየችው። ይህን አቀማመጥ ታውቀዋለች። ጥርሱ ባበጠ ጊዜ በአንድ ወገን እንዳኘከው ዓይነት ነው። ምንም ሳትል ሄዳ የሸሚዙን ጫፍ ከፍ አደረገች። ግራ ዳሌው ላይ የአምፖል ጫፍ ያህል ውሃ የቋጠረ ቁስል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀበቶ ነው።»

«ፒጃማ በቀበቶ የሚታጠቀው ማነው?»

«አንቺ ደግሞ…»

«ተነሥ። ልበስ።» ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሐኪሙ ፊት አቁማ ሸሚዙን ራሷ ገለጠችው። አይፈጀው መንገዱን ሁሉ አኮረፋት፤ የሸጠችው መሰለው።

ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ባለሙያዋን አስጠራት። እሷ ገና ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። «ጠይቄዎት ነበርኮ አባባ! ደጋግሜ ጠይቄዎት ነበር!»

«ችዬው ነዋ!» አለ አይፈጀው። «ችዬው ነው። ለመዳን ነው የቻልኩት። ምን አጠፋሁ?»

ባለሙያዋ ክንዱን ይዛ ኮምፒውተሯ ድረስ ወሰደችው። በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ወገቡ በቀለም ተሥሎ ይታያል። «ይኸውልዎት፣ በሽታው እዚህ ነው» አለች መሃሉን እየነካች። «ሙቀቱ እዚህ እንዲያርፍ ነው የምንፈልገው። እርስዎ ‹ሰላም ነው› ሲሉኝ እኔ ጨመርኩ፤ የጨመርኩት ግን ወደ ዳሌዎ ነው የሄደው። ቢነግሩኝ ኖሮ አቅጣጫውን አዞረው ነበር። ይህን አዩት? ሦስቱንም ጊዜ መሃሉ የምንፈልገው ላይ አልደረሰም። ዳሌዎን ጠበስን፣ በሽታውን ለብ ባለ ውሃ አጠብነው።»

አይፈጀው ሥዕሉን አየ። ለብ ባለ ውሃ። ቀና ብሎ ሐኪሙን ሲያይ ያ የበረዶ ቀን ፊቱ ድራሹ ጠፍቶ ነበር።

«ጋሼ» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ «ጨረሩ ይቀጥላል። ሙቀቱን ግን የማይናገር ሰው ላይ ማካሄድ አልችልም፤ ጉዳቱ ይበልጣል። ቁስሉ ይዳን፤ አንድ ጊዜ እንሞክራለን። ያኔም ዝም ካሉኝ አቆመዋለሁ።»

«ሙቀቱን ልትወስዱብኝ?» ድምፁ ቀጠነ። ሚስቱ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሱ ሰምታ አታውቅም።

ቤት ሲገቡ ድስት ጣደች። ውሃው ሲፈላ ማንኪያ ነክራ አወጣችና «መዳፍህን አምጣ» አለችው። «አልሰማ ካለህ ክንድህን። ከዚያ ‹ፈጀኝ› በለኝ። እንለማመድ።»

ክንዱን ዘረጋ። ማንኪያው አረፈበት። ግንባሩ ተኮማተረ። «ፈ… ፈ…»

«በል!»

«ፈልጌ ነው ያስነካሁት!»

ማንኪያውን ወረወረችው። «ኧረ አምላኬ! አንድ ቃል ናት! ልጅ እንኳን የሚላት!»

ያቺ አንድ ቃል ግን ዳቦ ቤቱ ውስጥ ዋጋ ነበራት። ከጥንት ጀምሮ በምድጃው ዙሪያ ያለ ደንብ ነው። «ፈጀኝ» የሚል ቃል ያመለጠው ሰው የዚያን ቀን የተጋገረበትን ትሪ በሙሉ ብቻውን ያጥባል። ሌሎቹ ደግሞ በማንኪያ ትሪ እየደበደቡ ይዘፍኑበታል። አይፈጀው በተቀጠረ በመጀመሪያው ቀን አምልጦት ነበር። ጣቶቹ እስኪሸበሸቡ አጠበ፤ በመንገድ ያለፈ ሁሉ ሲሳሳቅበት ዋለ። ሁለተኛ አልደገማትም። ዓመት ሲያልፍ ሌሎቹ ሊያስብሉት ያልሞከሩት ተንኮል የለም፤ የጋለ አካፋ ያቀብሉታል፣ ትሪ ያንሸራትቱበታል። እሱ ትንፍሽ! አቡኪውማ «አይፈጀው ፈጀኝ ያለ ቀን እኔ ይህን ጢሜን እላጫለሁ» ብሎ ምሎ፣ እስኪሸብት ያሳደገው ጢም ይኸው አፉን ሸፍኖታል።

ሚስቱ ማንኪያውን ከወለሉ አነሣችና ተቀመጠች። ቁጣዋ ወጥቶላት ነበር፤ የቀራት ድካሟ ብቻ ነው።

«ስማኝ» አለችው። «ከኔ ጋር ስትኖር አንድ ቀን ‹አመመኝ› ብለኸኝ አታውቅም። በአረማመድህ፣ በአስተኛኘትህ እየገመትኩ ነው ያኖርኩህ። ለምጄዋለሁ፤ ለኔ ግድ የለም። ያቺ የማሽኑ ባለሙያ ልጅ ግን አንተን ለመገመት ሠላሳ ዓመት የላትም።»

አይፈጀው ተነሣና ኮቱን ለበሰ።

«ወዴት ነው?»

«ተከተይኝ።»

የከሰዓቱ ዳቦ የሚወጣበት ሰዓት ነበር። ዳቦ ቤቱ ጢም ብሏል፤ ገዥው ባንኮኒው ፊት ተሰልፏል፤ ከውስጥ የትኩስ ዳቦ ሽታ ይጠራል። አይፈጀው በጓሮ በር ገባ። «እንኳን መጣህ! ተሻለህ እንዴ?» እያሉ የከበቡትን በእጁ ገለል አደረጋቸው፤ ምድጃው አፍ ላይ ቆመና ባዶ እጁን ሰዶ አንድ ትሪ መዘዘ። ያዘው። ቆመ።

ሁሉም ጠበቀ። አቡኪው እጁ እስከ ክርኑ በሊጥ እንደተለወሰ ብቅ አለ። «ምን እየሠራህ ነው?»

«ዝም በል፣ እየጠበቅኩ ነው።»

«ምኑን?»

«እስኪፈጀኝ።»

መዳፉ ግን ምንም አልተሰማውም። የጫማ ሶል ሆኖ የለ! ትሪው ሊቀዘቅዝበት ሆነ። ሚስቱ ከዱቄት ጆንያዎቹ አጠገብ ቆማ ጥርሷን ነክሳ ታያለች። አይፈጀው እንዲያው በአፉ ብቻ ሊለው ፈለገ፤ ሳይፈጀው ፈጀኝ ማለት ግን አልሆነለትም። ትሪውን መለሰና ሌላ የጋለ አወጣ፤ እጅጌውን ሰበሰበ፤ የክንዱን የውስጥ ወገን፣ ያን ቀጭን፣ ነጣ ያለ፣ እሳት አይቶት የማያውቅ ቆዳውን፣ ጠርዙ ላይ አሳረፈው።

«ፈጀኝ!»

ድምፁ የፍየል ይመስላል። ትሪው ወለሉ ላይ ወድቆ ዳቦው ተበተነ።

«ምን አልክ?» አለ አቡኪው።

«ፈጀኝ አልኩ!»

«ድገመው፣ አልሰማሁም!»

«ፈጀኝ! ክንዴን ፈጀኝ! ዳሌዬንም ፈጅቶኝ ነበር! ጥርሴንም አሞኝ ነበር! እግሬንም!»

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ቤቱ ተነቀነቀ። ያገኘው ሁሉ ትሪ አንሥቶ በማንኪያ፣ በአካፋ፣ በእጁ ይደበድባል፤ ገዥው ሰልፉን ትቶ በባንኮኒው ላይ ተንጠልጥሎ ያያል፤ አለቃው «ዳቦው! ዳቦው!» እያለ ይጮኻል፣ የሚሰማው የለም። ሚስቱ እየሳቀች ዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች፤ ስትነሣ ቀሚሷ ከኋላ ነጭ ሆኖ ነበር። አቡኪውን አራት ሆነው ይዘው የጆንያ መቀሱን አመጡ። «ቀልዴን ነበርኮ! ሰዎች፣ ቀልዴን ነው ያልኩት!» ቢል ማን ይሰማዋል። ከጢሙ ሥር የወጣው ከንፈር እንደ ሕፃን ከንፈር ቀይ ነበር።

ደንብ ደንብ ነውና አይፈጀው ትሪውን በሙሉ አጠበ። ሚስቱ ላግዝህ ብትለው እንቢ አላት። ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከረ ባጠበ ቁጥር «ፈጀኝ» ይላል፣ እየጮኸ፣ አንዳንዴ እየሳቀ። ወደ ቤት ሲመለሱ ድምፁ ጎርንኖ ነበር።

ቁስሉ ሲድን ተጠራ። አልጋው ላይ ተኛ፤ ከረጢቱ አቀፈው፤ ባለሙያዋ ከመስታወቱ ማዶ ተቀመጠች። ዛሬ አልሳቀችም። ሐኪሙ ምን እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ። ማሽኑ ተነሣ፤ የጠዋት ፀሐይ ወጣች፤ ላቡ ጀመረ። ከዚያ ያ መርፌ እዚያው ቦታ መጣ።

«አባባ፣ እንዴት ነው?»

አፉ ተቆለፈ። እውነት ነው፣ ተቆለፈ። ምላሱ ለ«ሰላም ነው» ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን የተቀመጠበት ቦታ ነዋ። መርፌው ምስማር ሆነ። ያ የቀለም ሥዕል በዓይኑ መጣበት፤ መሃሉ ለብ ብሎ፣ በሽታው ተንፈላሶ።

«ሰ…» አለ። ዋጠው። «ፈጀኝ! ግራ ዳሌዬ! ከአጥንቱ ከፍ ብሎ!»

ባለሙያዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሮጡ። «አሁንስ?»

«ቀነሰ… ለቀቀኝ!»

«ጎበዝ! ልጨምር?»

«ጨምሪ! …አሁን ደግሞ ቀኝ ብብቴ፣ የታፋዬ ብብት!»

«አዞርኩት! አሁንስ?»

«ሄደ! ጨምሪ!»

እንዲህ እየተቀባበሉ ወጡ። እሱ ይጮኻል፣ እሷ ታዞራለች፤ እሱ «ጨምሪ» ይላል፣ እሷ ትጨምራለች። ባልና ሚስት ሶፋ በጠባብ በር ሲያስገቡ ይመስላል፤ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ቀስ! ኮምፒውተሩ ላይ የመሃሉ ቁጥር መውጣት ጀመረ። አርባን አለፈ። መነጽሯ ወደቀ፣ አላነሣችውም። «አባባ! እየመጣ ነው!»

«ምኑ? ባቡሩ?»

«ደረሰ! ደረሰ! መሃሉ ደረሰ!»

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ጩኸቱን ሰምታ ልቧ ቀጥ አለ። ሞተ ብላ ነው በሩን በርግዳ የገባችው። «ምን አደረጋችሁት? ምን ሆነ?»

«ነገረን!» አለች ባለሙያዋ እያቀፈቻት።

«ምን ብሎ?»

«ፈጀኝ ብሎ!»

ሚስቲቱ በመስታወቱ በኩል አየችው። በላብ ተዘፍቆ፣ ቀልቶ፣ ጣቱን ወደ ዳሌው እየጠቆመ አሁንም ያወራል። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀችም አለቀሰችም። «እሰይ» አለች፣ «እሰይ፣ እሰይ።»

ሙቀቱ አልተወሰደበትም። እስከ መጨረሻው ቀጠለ፤ በየጊዜውም ቁጥሩ ደረሰ። ጨረሩ ሲያልቅ ደክሞት ነበር፣ ሆዱም ያስቸግረው ነበር፤ ግን ሁሉንም በየዓይነቱ ስለሚናገር ሚስቱ መገመት ቀረላት። እንዲያውም በዛባት። ሾርባው ፈጀኝ፣ ጫማው ጠበበኝ፣ ትራሱ ጎረበጠኝ ይላል። «ከፈትነው፣ አሁን ማን ይዝጋው?» ትላለች ለልጆቿ በስልክ፤ ስትል ግን ድምፅዋ ይስቃል።

ከወራት በኋላ የደም ምርመራው ሲመጣ የፕሮስቴቱን በሽታ የሚያሳየው ቁጥር በጣም ወርዶ ነበር። ቀጥሎ የመጣውም እንደወረደ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» አለ። «ጨረሩ ምን ያህሉን ሠራ፣ ሙቀቱስ ምን ያህሉን ረዳ ብለው ቢጠይቁኝ በአንድ ሰው አይታወቅም። ዳኑ ብዬም ገና አልፈርምም። እንከታተላለን።»

«ተከታተሉ» አለ አይፈጀው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ሐኪሙንም፣ ባለሙያዋንም፣ በሩ ላይ ያገኛትን የማያውቃትን ነርስም ጨበጠ።

አሁን አይፈጀው ከምድጃው ወርዷል። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ዳቦ ይሸጣል፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ነው፣ ሚስቱ ለምትሰፋው ልብስ ቁልፍ ይተክላል። በየሦስት ወሩ ደሙን ይሰጣል፤ የመጨረሻውም ደኅና ነው።